አንዱን ቆርጦ ሁለት ማድረግ፦ የአኳሪየም ግንዳም ዕፀዋትን በቁራጭ ስለ ማራባት

አንድ የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ ማለትም አኳሪየም፣ እናስብ። ከጥቂት ወራት በፊት የተተከለው ተክል አድጎ ጫፉ የውሃውን ገጽ ነክቷል። ከላይ ሲያዩት ለምለም ነው፤ ጎንበስ ብለው ከታች ሲመለከቱት ግን ግንዱ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ቀርቷል። የላይኛው ቅጠል ብርሃኑን ስለ ጋረደበት የታችኛው ሞቷል። የገንዳው ባለቤት መቀስ አንሥቶ ግንዱን ከመሃል ሲቆርጠው ለማያውቅ ሰው ጥፋት ይመስላል። ይሁን እንጂ የተቆረጠው ጫፍ በጠጠሩ ውስጥ ተተክሎ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሥር ያወጣል፤ የቀረው ጉቶም ከጎኑ አዳዲስ ቅርንጫፎችን ያበቅላል። አንድ የነበረው ተክል ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። ስኳር ድንች በሐረጉ ቁራጭ፣ ሸንኮራ አገዳ በአንጓው፣ ጽጌረዳም በግንዱ ቁራጭ እንደሚራቡ የታወቀ ነው። ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ዕፀዋትም የሚከተሉት ይህንኑ ሕግ ነው። ነገር ግን አንዱ ቁራጭ ሲጸድቅ ሌላው የሚበሰብሰው ለምንድን ነው? ቁራጩ ከየት ቦታ ቢቆረጥ ይሻላል? ጫፉ የተወሰደበት ጉቶስ ከዚያ በፊት ያላወጣቸውን ቅርንጫፎች በዚያን ጊዜ የሚያወጣው ምን ነግሮት ነው?

በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሥነ ሕይወት ሳይንስ የሚሰጠውን መልስ እንመለከታለን። ቀጥሎም የአቆራረጡንና የአተካከሉን ዘዴ እናያለን። በመጨረሻም ይህ ቁራጭ ከገንዳችን ወጥቶ ወንዝ ወይም ሐይቅ ቢገባ ምን ሊያስከትል እንደሚችል እንመረምራለን። ምክንያቱም ተክሉን በገንዳ ውስጥ ለማራባት ቀላል የሚያደርገው ባሕርይ፣ በሐይቅ ውስጥ ለማጥፋት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ራሱ ነው።

ግንዳም ዕፀዋት የምንላቸው የትኞቹ ናቸው?

በአኳሪየም የሚተከሉ ዕፀዋት ሁሉ በግንድ ቁራጭ አይራቡም። ቫሊስኔሪያና ክሪፕቶኮሪን የመሳሰሉት ቅጠሎቻቸው ሁሉ መሬት አጠገብ ካለ አንድ ማዕከል የሚወጡ ሲሆኑ፣ የሚራቡት በአብዛኛው በጠጠሩ ላይ ወይም ውስጥ በሚዘረጉ መጅራት ነው። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ የሆነው አኑቢያስ ደግሞ አግድም በሚያድግ ወፍራም ግንዱ ላይ ቅጠልና ሥር ያወጣል፤ የሚራባውም ይኸው አግድም ግንድ ሲከፈል ነው። እነዚህን እንደ መጀመሪያዎቹ አስበን ቅጠላቸውን ከላይ ብንቆርጥ የምናገኘው የሚሞት ቅጠል ብቻ ነው።

ግንዳም ዕፀዋት ግን ወደ ላይ የሚቆም ግንድ አላቸው። በግንዱ ላይ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ተፈራርቀው ወይም ግንዱን ዙሪያውን ከበው ይወጣሉ። ሃይግሮፊላ፣ ሉድዊጂያ፣ ሮታላ፣ ባኮፓና ኤጌሪያ በዓለም ዙሪያ በአኳሪየም ከሚታወቁት መካከል ይጠቀሳሉ። አብዛኞቹ በተፈጥሮ የሚኖሩት በወንዝና በረግረግ ዳር ነው። በዝናብ ወቅት ውሃ ያሰጥማቸዋል፤ በበጋ ደግሞ ውሃው ሲሸሽ ከአየር ጋር ይገናኛሉ። ጎርፍ በየጊዜው በሚሰብራቸው ቦታ ስለሚኖሩ፣ ከስብራት በኋላ ዳግመኛ መብቀል ለእነርሱ የሕልውና ጉዳይ ነው። የእኛ መቀስ የሚሠራው ሥራ ጎርፉ ከሚሠራው የተለየ አይደለም።

የአንጓው ምስጢር

ቅጠል ከግንድ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ አንጓ ይባላል። በሁለት አንጓዎች መካከል ያለው ቅጠል አልባ ክፍል ደግሞ መሃለ አንጓ ይባላል። ሸንኮራ አገዳ የላጠ ሁሉ የሁለቱን ልዩነት በጥርሱ ያውቀዋል። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ፣ በቅጠሉና በግንዱ መካከል ባለው ብብት ውስጥ፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግት ትንሽ እንቡጥ ተደብቋል። ይህ እንቡጥ ገና ያልተፈታ ቅርንጫፍ ነው። የግንዱን ጫፍ የሚያሳድጉት ዓይነት በመከፋፈል ላይ ያሉ ህዋሳት በውስጡ አሉት።

ከዚህም ሌላ በአንጓው አካባቢ ያሉ ህዋሳት ሥር የመሆን ዝንባሌያቸው ከፍተኛ ነው። በብዙ የውሃ ዕፀዋት ግንዱ ገና ሳይቆረጥ እንኳ ከአንጓዎቹ ነጫጭ ሥሮች ወጥተው በውሃው ውስጥ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ስለዚህ አንድ አንጓ የያዘ ቁራጭ ወደ ላይ የሚያድግ እንቡጥም፣ ወደ ታች የሚያድግ ሥር ማውጫም አለው ማለት ነው። መሃለ አንጓ ብቻ ከሆነ ግን አንዳንድ ጊዜ ሥር ሊያወጣ ቢችልም እንኳ ወደ ላይ የሚያድግ እንቡጥ ስለሌለው በአብዛኛው ተክል ሳይሆን ይቀራል።

የደቡብ አሜሪካው ኤጌሪያ ዴንሳ ይህንን በግልጽ ያሳየናል። ይህ ተክል በየአንጓው ቅጠሎች ቢኖሩትም ቅርንጫፍና ሥር የሚያወጡት ሁሉም አንጓዎች አይደሉም። በግንዱ ላይ ከብዙ ተራ አንጓዎች በኋላ ሁለት አንጓዎች ተጠጋግተው የተጣመሩበት ቦታ ይገኛል፤ አዲስ ቅርንጫፍና አዲስ ሥር የሚወጣው ከዚህ ጥንድ አንጓ ነው። ጥንድ አንጓ የሌለው የኤጌሪያ ቁራጭ ለተወሰነ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይም አዲስ ተክል አይወጣውም። ሁለት ተማሪዎች እኩል ርዝመት ያለው የኤጌሪያ ቁራጭ ተክለው የአንዱ ሲጸድቅ የሌላው ቢቀር፣ ምክንያቱ የእጅ በረከት ሳይሆን ይህ ሊሆን ይችላል።

ለየት ያሉም አሉ። ሃይግሮፊላ ዲፎርሚስ የሚባለው ተክል ከግንዱ ተለይታ በውሃ ላይ ከምትንሳፈፍ አንዲት ቅጠል እንኳ ትንንሽ ተክሎችን ያበቅላል። ሴራቶፊለም ዴመርሰም ደግሞ በሕይወቱ ሙሉ ሥር የለውም። ምግቡን በመላ አካሉ ከውሃው ስለሚወስድ፣ የተቆረጠው ክፍል መተከል ሳያስፈልገው እየተንሳፈፈ ያድጋል። ይህ ተክል በአገራችን ሐይቆችም ይገኛል።

ለመሆኑ ግንድ የነበረ ህዋስ እንዴት ሥር ይሆናል? ኦስትሪያዊው የዕፀዋት ሊቅ ጎትሊብ ሃበርላንት እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. አንድ የተክል ህዋስ ብቻውን ሙሉ ተክል የመሆን አቅም ሊኖረው ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረበ። እርሱ ራሱ በሙከራ ሊያሳየው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ግን ፍሬድሪክ ስቲዋርድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከካሮት ሥር ከተወሰዱ ህዋሳት ሙሉ የካሮት ተክል ማብቀል እንደሚቻል አሳዩ። እያንዳንዱ ህዋስ የተክሉን ሙሉ የዘረ መል መረጃ ይዟል። ቁስሉና በቦታው የሚጠራቀመው ሆርሞን ህዋሱን ከቀድሞ ሥራው አውጥተው እንደገና እንዲከፋፈልና አዲስ ሥራ እንዲይዝ ያደርጉታል።

ጫፉ ሲቆረጥ ምን ይሆናል?

አንድ ረዥም ግንድ በደርዘን የሚቆጠሩ እንቡጦች እያሉት ቅርንጫፍ ሳያወጣ ወደ ላይ ብቻ ሲያድግ እናያለን። ይህ ጠባይ የጫፍ የበላይነት ይባላል። ጫፉ በሕይወት እስካለ ድረስ ከእርሱ በታች ያሉትን እንቡጦች ያስተኛቸዋል።

ጫፉ ይህን የሚያደርገው በምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመታት ወስዷል። ቻርለስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የሣር ቡቃያ ጫፍ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ታች አንዳች መልእክት እንደሚያስተላልፍ ገለጹ። የኔዘርላንዱ ፍሪትስ ቬንት እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራ ይህ መልእክት በኬሚካል መልክ ያለ ነገር መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ንጥረ ነገር ዛሬ ኦክሲን በመባል ይታወቃል። ከዚያም ኬኔት ቲማንና ፎልክ ስኩግ እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. ሙከራቸውን በአገራችን ማሳ በሚታወቀው በባቄላ ላይ አደረጉ። የባቄላውን ጫፍ ሲቆርጡት የጎን እንቡጦቹ ማደግ ጀመሩ፤ በቁስሉ ላይ ኦክሲን ሲያደርጉለት ግን እንቡጦቹ ጫፉ እንዳለ ሁሉ ተኝተው ቀሩ።

ዛሬ ያለን እውቀት ከዚህ ጥቂት የሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በአተር ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ጫፉ እንደ ተቆረጠ እንቡጦቹን መጀመሪያ የሚቀሰቅሳቸው የኦክሲን መቀነስ ሳይሆን የስኳር መድረስ ነው። በማደግ ላይ ያለ ጫፍ ስኳር የሚስብ ትልቅ በላተኛ ነው። በላተኛው ሲወገድ ስኳሩ ወደ እንቡጦቹ በፍጥነት ይደርሳል። ኦክሲን ሚናውን የሚጫወተው ከዚያ በኋላ፣ የነቃው እንቡጥ እያደገ ቅርንጫፍ እንዲሆን ወይም እንዲቆም በመወሰን ነው።

ኦክሲን በግንዱ ውስጥ የሚጓዘው በዋናነት ከጫፍ ወደ ሥር አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በተቆረጠው ጫፍ ላይ መንገዱ ሲዘጋበት በቁራጩ ታችኛው አፍ አካባቢ ይጠራቀማል፤ በዚያም ሥር እንዲበቅል ይገፋፋል። አሁን ሁለቱ ክስተቶች አንድ ምክንያት እንዳላቸው እናያለን። አንዱ ቁርጥ ለላይኛው ክፍል ሥር፣ ለታችኛው ክፍል ቅርንጫፍ የሚሰጠው የጫፉ መልእክትና የምግቡ ጉዞ በዚያ ቦታ ስለሚቋረጥ ነው።

ውሃ ውስጥ የመኖር ጣጣ

የብስ ተክልን ቁራጭ የሚገድለው በአብዛኛው ድርቀት ነው። ሥር ሳያወጣ በቅጠሉ በኩል ውሃውን ይጨርሳል። ውሃ ውስጥ ያለ ቁራጭ ይህ ችግር የለበትም፤ ሥር እስኪያወጣ ድረስ በቅጠሉና በግንዱ በኩል ከውሃው ማዕድናትን መውሰድ ይችላል። በአኳሪየም ቁራጭ የሚጸድቀው ቶሎና ብዙ ጊዜ ያለ ሆርሞን ዱቄት የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ሆኖም ችግሮቹ ሌሎች ናቸው።

አንደኛ፣ ውሃ ውስጥ ያደገ ቅጠል ስስ ነው። ድርቀትን የሚከላከለው ሰም መሰል ሽፋን በጣም የሳሳ ነው። ስለሆነም ቁራጩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሌላ ሥራ መሥራት ቅጠሉን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጠወልገው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በግንዱና በቅጠሉ ውስጥ አየር የያዙ ክፍተቶች አሉ። እነዚህ ክፍተቶች ኦክስጅንን ወደ ሥር ያመላልሳሉ፤ ተክሉንም ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ነገር ግን ቁራጩ ከጠጠሩ ወጥቶ እንዲንሳፈፍ የሚያደርጉትም እነርሱ ናቸው። ግንዱ በጣት ሲጨፈለቅ ወይም በደነዘ መቀስ ሲቆረጥ ክፍተቶቹ ይደፈጠጣሉ፤ የሞተው ህዋስም ለባክቴሪያና ለፈንገስ መግቢያ በር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 እጥፍ ገደማ ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ የተክሉን ብርሃን አስተፃምሮ የሚገድበው ብዙ ጊዜ የብርሃን እጥረት ሳይሆን የዚህ ጋዝ እጥረት ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የውሃው ሙቀት እኩል ከሆነ ከአየር ወደ ውሃ የሚሟሟው ጋዝም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቁራጩ አላደገም ብሎ ብርሃን ብቻ መጨመር ተክሉን ሳይሆን ዋቅላሚን (አልጌን) መመገብ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ አንዳንዱ ተክል ከመሸጡ በፊት የሚያድገው ሥሩ ብቻ ርሶ አካሉ ከውሃ በላይ ሆኖ ነው። ይህን ዓይነቱን ቆርጠን ውሃ ውስጥ ስናሰጥመው ለአየር የተሠራው የቀድሞ ቅጠሉ ቀስ በቀስ ይረግፋል። ተክሉ እየሞተ ነው ብሎ መንቀል ግን ስሕተት ነው። ጫፉን ተመልከቱ፤ ስስና ቀጭን የሆነ አዲስ ቅጠል እያወጣ ከሆነ ከውሃው ጋር እየተላመደ ነው።

አቆራረጡና አተካከሉ

ከላይ ያየነው ንድፈ ሐሳብ በተግባር ሲተረጎም የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይሰጠናል።

1. ቅጠሉ ጤነኛ፣ ጫፉ በማደግ ላይ ያለና ዋቅላሚ ያልወረሰው ግንድ ምረጡ። በቅርቡ የተተከለና ገና ሥር ያልያዘ ተክል አትቁረጡ።

2. የሰላ መቀስ ወይም ምላጭ በአልኮል ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ ተጠቀሙ። ምላጭ ስትይዙ ለጣታችሁ ተጠንቀቁ።

3. ከጫፉ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ለክታችሁ ከአንድ አንጓ ጥቂት ዝቅ ብላችሁ በአንድ ጊዜ ቁረጡ። ከአንጓው በታች ረዥም መሃለ አንጓ ከተረፈ ያ ክፍል ጥቅም ሳይሰጥ በጠጠሩ ውስጥ ይበሰብሳል። ቁራጩ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት አንጓዎች ይኑሩት፤ ኤጌሪያ ከሆነ ጥንድ አንጓ መያዙን አረጋግጡ።

4. በታችኞቹ አንድ ወይም ሁለት አንጓዎች ላይ ያሉትን ቅጠሎች በመቀስ አንሡ። ጠጠር ውስጥ የተቀበረ ቅጠል ብርሃን ስለማያገኝ ይበሰብሳል። ቅጠሉን ወደ ታች ጎትቶ መግፈፍ የግንዱን ቆዳ ይዞ ስለሚሄድ እንቡጡን ይጎዳል። የቅጠሉን አጭር እግር ብትተዉት ደግሞ ቁራጩ እንዳይንሳፈፍ እንደ መልሕቅ ያገለግላል።

5. ቁራጮቹን እስክትተክሉ ድረስ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ አቆዩአቸው።

6. ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ታጥቦ የጠራ ጠጠር ውስጥ፣ የግንዱን የታችኛውን አፍ በወረንጦ ሳትጨፈልቁ ይዛችሁ ጥቂት አጋድማችሁ አስገቡት። ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ራቁት አንጓ መቀበሩን ተመልከቱ። ወረንጦውን ስታወጡ ቀስ ብላችሁ ከፍታችሁ በጎን በኩል ይሁን፤ አለዚያ ቁራጩን ይዞት ይወጣል።

7. ቁራጮችን እንደ ችቦ አስራችሁ በአንድ ጉድጓድ አትትከሉ። በመካከላቸው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተዉ፤ ውሃና ብርሃን እስከ ታች ድረስ ይድረስ።

8. የውሃው ሙቀት ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የብርሃኑ ጊዜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቢሆን ለአብዛኞቹ ይስማማል። የደጋ ሌሊት ውሃውን ከዚህ በታች ካቀዘቀዘው እድገቱ ይዘገያል እንጂ ቁራጩ ወዲያውኑ አይሞትም።

9. ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቁራጩን ሥር አውጥቶ እንደሆነ ለማየት አትንቀሉት። ሥር መያዙን የሚነግራችሁ ጫፉ ነው፤ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ሥሩ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

የቀረውን ጉቶ በሚመለከት ሁለት ምርጫ አለ። ጉቶው ገና ቅጠል ካለው እዚያው ቢተው ከላይኛው አንጓው አንድ ወይም ሁለት ቅርንጫፍ አውጥቶ ቁጥቋጦ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የተቆረጠና ታቹ የተራቆተ ከሆነ ግን ነቅሎ በምትኩ አዳዲሶቹን ጫፎች መትከል ይሻላል።

ቁራጭ የሚበሰብሰው ለምንድን ነው?

የተተከለው ቁራጭ ከታች ጠቁሮና ላልቶ ከተንሳፈፈ ምክንያቱን ከአራት ነገሮች በአንዱ ፈልጉ። የተጨፈለቀ ግንድ፣ የተቀበረ ቅጠል፣ ታጥቦ ያልጠራ ወይም አየር የሌለው ደለል የበዛበት መሬት፣ አለዚያም ምግብ ያላጠራቀመ ደካማ ግንድ። ከጥቁሩ ክፍል በላይ ጤነኛ አንጓ ካለ ነገሩ አላበቃም፤ የሞተውን ቆርጣችሁ ጤነኛውን እንደገና ትከሉት። ቁራጩ በሕይወት እያለ መሃለ አንጓው እየረዘመና ቅጠሉ እየራቀ ከሄደ ደግሞ ችግሩ የብርሃን ማነስ ነው። አዲሱ ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነ የብረት እጥረትን፣ አሮጌው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የናይትሮጅን እጥረትን መጠርጠር ይገባል። ተክሉ ናይትሮጅንን ከአሮጌ ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ መስጠት ሲችል ብረትን ግን እንደዚያ ማዘዋወር ስለሚያቅተው ነው።

በክፍል የሚደረግ ሙከራ

ይህን ትምህርት በዓይን ለማየት አኳሪየም የግድ አያስፈልግም። ሃይግሮፊላ ወይም ሉድዊጂያ ከሌለ ከገበያ የተገዛ ናና ይበቃል። ጥቂት ብርጭቆዎችና አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ያደረ የቧንቧ ውሃ አዘጋጁ። ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት ቁራጭ አድርጋችሁ በአራት ምድብ ክፈሏቸው።

(ሀ) ጫፉን የያዘና ከታች ሁለት ራቁት አንጓዎች ያሉት፤
(ለ) ጫፉ የተወሰደ፣ ሦስት አንጓዎች ያሉት የግንድ መሃል፤
(ሐ) አንጓ የሌለው፣ መሃለ አንጓ ብቻ፤
(መ) እንደ (ለ) ሆኖ የተገለበጠ፣ የላዩ ወደ ታች የተደረገ።

ሁሉንም ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። ውሃውን በየሦስት ቀኑ ለውጡ። ለ21 ቀናት በየሁለት ቀኑ የሥሩን ብዛት፣ የረዥሙን ሥር ልክና አዲስ የወጣውን ቅርንጫፍ ቁጥር መዝግቡ። በ(ሐ) ሥር ቢታይ እንኳ ቅርንጫፍ ይወጣልን? በ(መ) ሥሩ የሚወጣው አሁን ታች ከሆነው አፍ ነው ወይስ ቀድሞ ታች ከነበረው? ከ(ሀ) እና ከ(ለ) ቀድሞ ሥር የሚያወጣው የትኛው ነው? መልሱን ከሙከራው በፊት ገምታችሁ ጻፉ፤ ከዚያም ግምታችሁን ከመዝገባችሁ ጋር አስተያዩ። በአንድ ምድብ አምስት ቁራጭ የተደረገው አንዱ በአጋጣሚ ቢሞት ከአንድ ቁራጭ ተነሥቶ እንዳይፈረድ ነው።

ቁራጩ ከገንዳው ሲወጣ

አንድ ግንድ በየወሩ ተቆርጦ ሁለት የሚሆን ከሆነ ከአሥር ወር በኋላ 1,024 ግንድ ይሆናል። ማንም ገንዳ ይህን ያህል ስለማይችል ትርፉ ይጣላል። ታዲያ የት ይጣል?

ኤሎዲያ ካናደንሲስ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ግንዳም ተክል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በብሪታንያ ውሆች ውስጥ መታየት ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቦዮችንና ወንዞችን ሞልቶ ጀልባ እስከ ማገድ ደረሰ። የሚያስገርመው በዚያ የተስፋፋው በሙሉ ለማለት ይቻላል ሴቴ ተክል መሆኑ ነው። ወንዴ በሌለበት ዘር የለም፤ ስለዚህ የተስፋፋው በቁርጥራጭ ብቻ ነው። ከላይ ያነሣነው ኤጌሪያ ዴንሳ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከትውልድ አገሩ ውጪ በተሰራጨባቸው ቦታዎች የሚገኘው በአብዛኛው ወንዴው ነው። እርሱም ያለ አንዲት ፍሬ አህጉር ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአኳሪየም ንግድ ምክንያት ወደ አሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የገባው ሃይድሪላም ከዚያ ወዲህ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ አረም ሆኗል። በአኳሪየም ለጀማሪ የሚመከረው ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማም በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በጎጂ አረምነት የተመዘገበ ነው።

እኛም ይህን ከሩቅ የምንሰማው ታሪክ አይደለም። የደቡብ አሜሪካው እንቦጭ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ ታወቀ። እንቦጭ ተንሳፋፊ እንጂ ግንዳም ተክል አይደለም፤ ዘርም ያፈራል። ሆኖም ፈጣን መስፋፋቱ የሚመጣው እናቲቱ በምትዘረጋው መጅራት ላይ ከሚበቅሉት ልጆች ነው። የባሕር ዳርና የአካባቢው አርሶ አደሮች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ያየ ሰው፣ እዚያው የቀረች አንዲት ቅሪት ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። የአንድ ወር ድካም የአንድ አንጓን ያህል በቀረ ነገር እንደገና ይጀመራል።

ስለዚህ ከአኳሪየም የተቆረጠ ነገር፣ ሥርም ይኑረው አይኑረው፣ በወንዝ፣ በሐይቅ፣ በጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ወይም በመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ውስጥ አይጣልም። በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እስኪንኮታኮት ድረስ ይድረቅ፤ ከዚያም ከውሃ ርቆ ከብስባሽ ጋር ይቀበር። ገንዳውን የሚያጥቡበት ውሃም በወንፊት ቢጠለል መልካም ነው፤ አንዲት ጥንድ አንጓ በወንፊት ላይ ስትቀር ቀላል ናት። ለጓደኛ ቁራጭ ስትሰጡም ይህንኑ ምክር አብራችሁ ስጡ።

ማጠቃለያ

ግንዳም የውሃ ተክል በቁራጭ የሚራባው በየአንጓው የተኛ እንቡጥና ሥር ለመሆን የተዘጋጀ ህዋስ ስላለው ነው። ቁርጡ የጫፉን ሆርሞንና የስኳሩን ጉዞ በማቋረጥ ሁለቱንም ይቀሰቅሳቸዋል። በሰላ መሣሪያ ከአንጓ በታች መቁረጥ፣ የሚቀበረውን ቅጠል ማንሣት፣ ግንዱን አለመጨፍለቅና መታገሥ ለሥራው መሳካት ይበቃሉ። ይህን የተረዳ ተማሪ ገንዳውን ከአንድ ግንድ ሊሞላ ይችላል። ከገንዳው የወጣችውን ቁራጭ ሳያደርቅ መጣል እንደሌለበትም በዚያው ይረዳል፤ ለገንዳው ሙሉ ተክል የምትሆን አንጓ ለሐይቁም እንደዚያው ናትና።

ለመወያያ

1. አንድ ተማሪ ጫፉን ቆርጦ ከተከለ በኋላ በጉቶው ቁስል ላይ ኦክሲን ቢቀባ በጎን እንቡጦቹ ላይ ምን ይጠበቃል? የቲማንና የስኩግን ሙከራ መሠረት አድርጋችሁ አስረዱ።

2. ከአንድ ግንድ የተራቡ 1,024 ግንዶች በዘረ መላቸው አንድ ናቸው። አንድ በሽታ ገንዳው ውስጥ ቢገባ ይህ ምን ጉዳት ያመጣል?

3. አረም የሆነ የውሃ ተክልን በማሽን ከታትፎ እዚያው ውሃ ላይ መተው መፍትሔ ሊሆን የማይችለው ለምንድን ነው? መቼስ ሊሆን ይችላል?